በእጅ ላይ ስለታሰረው «የግድግዳ ሰዓት»

ሰሞኑን ስለ ትልልቅ የእጅ ሰዓቶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሦስት ወዳጆቼ በየፊናቸው ላኩልኝ። ለምን እንደላኩልኝ ግልጽ ነው፤ ጽሑፉ የሚሰድበው ሰዓት እኔ ግራ እጅ ላይ ያለው ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው። ፓኔራይ የሚባለው የጣሊያን የጠላቂ ሰዓት እጅ ላይ የታሰረ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ግዝፈቱ ለታይታ ነው፤ ለጠላቂም አይሆንም፤ ማሽኑ ከሌላ ፋብሪካ የተውሶ ነው፤ ታሪኩ ዕቃ ለመሸጥ የተፈበረከ ነው፤ በዚያ ላይ የፋሺስት ባሕር ኃይል ሰዓት ስለሆነ ኢትዮጵያዊ ሊያስረው አይገባም። ትንንሽ ሰዓቶች ወደ ገበያ በተመለሱበት በዚህ ጊዜ ሰብሳቢዎች አሁንም የዚህን ብረት ቀንድ ይዘው አንለቅም ማለታቸው ለእርሳቸው እንቆቅልሽ ሆኖባቸዋል።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ሁለት ቦታ ላይ ከልቤ አስቆኛል፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እውነት ይዟል፤ እርሱን ስደርስበት እናገራለሁ። የቀረውን ግን ዝም ብዬ ባልፈው ሦስቱ ወዳጆቼ የሚያሳርፉኝ አይመስለኝም።

ከግዝፈቱ ልጀምር። የፓኔራይ ቤተሰብ ከ1860 ጀምሮ ፍሎረንስ ውስጥ የሰዓት ሱቅ ነበረው (ካልገለጽሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኋላም ለጣሊያን ባሕር ኃይል ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን የሚያቀርብ ድርጅት ሆነ። ባሕር ኃይሉ በሌሊት ውኃ ውስጥ ገብተው የሚሠሩ ሰዎቹ ሊያነቡት የሚችሉት ሰዓት ፈለገ፤ የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎችም በ1936 ተሠሩ። ስፋታቸው 47 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ውስጡ የተገጠመው የኪስ ሰዓት ማሽን ስለነበረ ነው። ማሽኑ ብቻውን 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ይኸውም በዚያ ዘመን የተለመደ የወንድ የእጅ ሰዓት ከነሙሉ አካሉ ከሚሰፋው ይበልጣል። በዚያ ላይ ውኃ የማያስገባ ወፍራም ብረት ሲለብስ 47 መሆኑ ምን ይገርማል? ሰዓቱ የሚታሰረውም በባዶ እጅ ላይ አልነበረም። ጠላቂው ከሚለብሰው የጎማ ልብስ እጅጌ በላይ ነበር የሚውለው፤ ረጅም የቆዳ ማሰሪያ የነበረውም ለዚህ ነው። ለታይታ ነው እንዳንል፣ ይህን ሰዓት የሚያስረው ሰው ሥራው ሁሉ አለመታየት ነበር።

የሰዓቱን ፊት ደግሞ እንየው። ትልልቅ ሆነው የተጻፉት ቁጥሮች አራት ብቻ ናቸው፤ 12፣ 3፣ 6 እና 9። በቀሩት ሰዓቶች ቦታ ላይ ጭረት ብቻ አለ። ቁጥሮቹም በላዩ ላይ የተቀቡ አይደሉም። ሁለት ሳህኖች ይደራረባሉ፤ የላይኛው በቁጥሮቹ ቅርጽ ተቆርጦ ተበስቷል፤ በጨለማ የሚያበራው ነገር ከሥሩ ተቀምጦ በቀዳዳው በኩል ይታያል። ፎቶግራፍ ይህን አያሳይም። እኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋበት ሌሊት አለ። ሻማ እስኪገኝ እጄን ቀና ሳደርግ፣ ቁጥሮቹ ከሩቅ ተራራ ላይ እንደሚታዩ የቤት መስኮቶች ወደ ውስጥ ጥልቀት ያላቸው ሆነው ይበራሉ። ባለቤቴ ሰዓቱን የታገሠችው ለዚህ ጥቅሙ ብቻ ነው።

ያ ብርሃን በጥንቶቹ ሰዓቶች ላይ ራዲየም ነበር። ፓኔራይ የፈጠራ መብቱን በ1916 ሲያስመዘግብ ስሙን ራዲዮሚር አለው፤ የሰዓቱም ስም ከዚያ መጣ። ራዲየም ጨረር የሚያመነጭ አደገኛ ነገር ነው፤ ግማሹ እስኪያልቅ 1600 ዓመት ይፈጅበታል። የሚያበራው ቅብ ግን በጨረሩ እየተጎዳ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ዛሬ አንድ የ1940ዎቹ ራዲዮሚር እጁ የገባ ሰብሳቢ የያዘው ብርሃኑ የጠፋ፣ ጨረሩ ግን ያልጠፋ ሰዓት ነው። በ1949 ትሪቲየም የሚባለውና ጨረሩ ደከም ያለው ንጥረ ነገር ሉሚኖር በሚል ስም ተተካ፤ ይህም ኋላ የሰዓት ስም ሆነ። ዛሬ የሚሠሩት ሁለቱንም አይጠቀሙም፤ ብርሃን ሲያገኙ ጠጥተው በጨለማ መልሰው የሚሰጡ ናቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ትንሽ ደስታ ልጨምር። እኛ ሰዓታችንን በአውሮፓ አቆጣጠር ሞልተን በራሳችን የምናነብ ሰዎች ሁልጊዜ ከቆጣሪው ትይዩ ያለውን ቁጥር ነው የምንመለከተው። ቆጣሪው 9 ላይ ሲሆን «ሦስት ሰዓት» እንላለን። በቁጥር የታጨቀ የሰዓት ፊት ላይ ይህ አንዳንዴ ያወናብዳል። በዚህ ሰዓት ላይ ግን ቁጥሮቹ በመስቀል ቅርጽ ትይዩ ለትይዩ ስለተቀመጡ ዓይን ሳይቸገር ወዲያ ማዶ ይሻገራል። የፍሎረንስ ሰዎች ለእኛ ብለው አላደረጉትም።

ሁለተኛው ክስ ሰዓቱ የሚሽከረከር የደቂቃ ቀለበት ስለሌለው የጠላቂ ሰዓት አይባልም የሚል ነው። በዛሬው መለኪያ ጸሐፊው አልተሳሳቱም፤ አይ.ኤስ.ኦ. 6425 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ጠላቂው ያሳለፈውን ጊዜ የሚለካበት መሣሪያ ሰዓቱ ላይ እንዲኖር ይጠይቃል። በ1930ዎቹ የነበረን ዕቃ ግን ከዚያ ወዲህ በወጣ መለኪያ መዳኘት አያቴን መንጃ ፈቃድ አልነበራቸውም ብሎ እንደ መክሰስ ነው፤ አያቴ የሚጋልቡት በቅሎ ነበር። ቀለበት ያላቸው ታዋቂዎቹ ሰዓቶች፣ የብላንፓኑ ፊፍቲ ፋዘምስና የሮሌክሱ ሰብማሪነር፣ የመጡት በ1953 ነው። እነዚያ ጀርባው ላይ የአየር ጋን አዝሎ ወደ ጥልቁ ለሚወርድ ሰው የተሠሩ ናቸው፤ እርሱ አየሩ መቼ እንደሚያልቅ፣ መቼስ ወደ ላይ መመለስ እንዳለበት በደቂቃ መቁጠር አለበት።

የጣሊያን ጠላቂዎች ሥራ ሌላ ነበር። የሚተነፍሱት ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ የወጣው ትንፋሽ በኬሚካል ተጣርቶ እዚያው ይመለሳል እንጂ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ አይወጣም። አረፋ ከወጣ የጠላት ዘብ ያያል። ንጹሕ ኦክስጅን ደግሞ ጥልቀት ሲጨምር ይመርዛል፤ ስለዚህ ከውኃው ገጽ ብዙ ሳይርቁ፣ በጨለማ፣ ለብዙ ሰዓታት ነበር የሚጓዙት። የሚያስፈልጋቸው ስንት ሰዓት እንደሆነ በአንድ እይታ የሚነግር ነገር ነው፤ ፈንጂው መቼ እንደሚፈነዳ የሚያሰሉትም በእርሱ ነው። ይህን ሰዓቱ አሟልቶ ሠርቷል።

ሰዓቱ በጎኑ ላይ የተሸከመውን ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ድልድይ ጸሐፊው «ጌጥ» ብለውታል። በሰዓት ላይ ውኃ የሚገባበት ዋናው ቀዳዳ መሙያው ነው። በየቀኑ ሲጎተትና ሲጠመዘዝ የማሸጊያው ጎማ ያልቃል። ፓኔራይ ለዚህ ሁለት መፍትሔ አበጀ። አንዱ አንጀሉስ የተባለው የስዊስ ፋብሪካ የሠራውን፣ አንዴ ከተሞላ 8 ቀን የሚሄድ ማሽን መግጠም ነው፤ መሙያው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል። ሁለተኛው ይህ ድልድይ ነው። በላዩ ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ስትታጠፍ መሙያውን ወደ ውስጥ ተጭና ትይዘዋለች። የእኔን ስዘጋው የሚሰማው ድምፅ የአሮጌ ሳጥን ቁልፍ ድምፅ ነው፤ ቀጥ ብሎ አጭር። ጌጥ መሆኑ ኋላ የመጣ ነው፤ አሁን ጌጥ ቢሉት ግን አልቀየምም።

ማሽኑ የተዋሰው ነው የሚለው ሦስተኛው ነጥብ እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰዓቶች የሠራው ሮሌክስ ነበር፤ ማሽኑ ደግሞ ኮርቴቤር ከሚባል ሌላ የስዊስ ፋብሪካ የመጣ ነው። ሰዓቱ በ1993 ለሲቪል ገበያ ሲወጣም ውስጡ የኡኒታስ ማሽን ነበር፤ ይህም መጀመሪያ ለኪስ ሰዓት የተሠራ ነው። ይህ ነውር ነው ወይ? ነውር ቢሆን ኖሮ ከስዊስ የሰዓት ፋብሪካዎች የሚያፍረው ብዙ ነው።

የእኔን ሰዓት መጀመሪያ ያስከፈትሁት ፒያሳ ነው፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ። 44 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሰው አስሮት የቆየ ሉሚኖር ነው፤ ከአውሮፓ የመጣልኝ ከዓመታት ቁጠባ በኋላ ነበር። ሰዓት ሠሪው በወጣትነታቸው የኪስ ሰዓት ብዙ የጠገኑ ሽማግሌ ናቸው። ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ የጀርባውን ክዳን ፈትተው፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ተታልዬ አስመስሎ የተሠራ ገዝቼ ይሆናል ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

«ልጄ፣ ይህ እኮ የኪስ ሰዓት ነው» አሉ። «ማን ነው እጅህ ላይ ያሰረልህ?»

«ጋሼ፣ መጥፎ ነው ማለት ነው?»

«መጥፎ? ይህን ማሽን ዓይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ። ትልቅ ስለሆነ ይቅር ባይ ነው። ትንሿን ማሽን አቧራ ይገድላታል፤ ይህ አቧራውን ውጦ ይሄዳል።» ከዚያ ክዳኑን ከመግጠማቸው በፊት ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ጎረቤታቸውን ጠሩና ለሁለት ያዩት ጀመር። ያን ቀን ሊያስከፍሉኝ አልፈለጉም።

እኚህ ሰው ስለ ፓኔራይ ከዚያ ቀን በፊት ሰምተው አያውቁም፤ ማስታወቂያም አልደረሳቸውም። ጸሐፊው ሰብሳቢዎችን የሚያስረው ማስታወቂያ ብቻ ነው ሲሉ የሰዓት ሠሪው ሽማግሌ ፊት ነው ትዝ ያለኝ።

ታሪኩ ተፈብርኳል ለሚለው ብዙ አልደክምም። ሰዓቱ ለአሥርት ዓመታት የወታደር ዕቃ ስለነበረ ሕዝብ አላወቀውም። በ1972 ከቤተሰቡ የመጨረሻው ባለቤት ጁሴፔ ፓኔራይ ሲሞት፣ ድርጅቱን የተረከበው ዲኖ ዜይ የሚባል የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ለሲቪል የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የቀረቡት በ1993 ነው። ተዋናዩ ሲልቬስተር ስታሎን በ1990ዎቹ አጋማሽ ጣሊያን ሳለ ሰዓቱን አይቶ መውደዱ፣ በስሙም ማሠራቱ እውነት ነው፤ ዝናውንም አግዟል። በ1997 ዛሬ ሪሽሞን የምንለው የቅንጦት ዕቃ ኩባንያዎች ቡድን ገዛውና ዓለም አወቀው። ስታሎን ግን 47 ሚሊ ሜትሩን አልፈጠረም። እርሱ ሲወለድ ሰዓቱ 10 ዓመት ሞልቶት ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ። ጸሐፊው «የሙሶሊኒ ባሕር ኃይል ሰዓት» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ነገሩ ግን እርሳቸው ካወቁት የባሰ ነው።

ጣሊያን መረብን ተሻግራ የወረረችን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። በዚያው ሰሞን ሮማ ውስጥ አንድ ሥጋት ነበረ፤ እንግሊዝ በኢትዮጵያ ምክንያት ትዋጋን ይሆን? የእንግሊዝ መርከቦች በሜዲትራኒያን ላይ ከጣሊያን ይበልጣሉ፤ ፊት ለፊት አይቻሉም። ቴሴዮ ቴሴይና ኤልዮስ ቶስኪ የሚባሉ ሁለት ወጣት የባሕር ኃይል መኮንኖች ለዚህ መላ አቀረቡ። ሁለት ሰው እንደ ፈረስ የሚጋልበው፣ በውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ ወደ 7 ሜትር የሚረዝም ቶርፔዶ ነው። ጋላቢዎቹ በሌሊት የጠላት ወደብ ገብተው ፈንጂውን ከመርከብ ሆድ ሥር ያንጠለጥሉታል። አልታዘዝ ማለቱን አይተው «አሳማ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ሙከራው ላ ስፔዚያ ላይ ተጀመረ። እንግሊዝ ግን ስለ እኛ አልተዋጋችም። የስዊዝን ቦይም አልዘጋችም፤ ወታደሩም የመርዝ ጋዙም በዚያ በኩል አለፈ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ ሥጋቱ ረገበ፤ የአሳማውም ሥራ ለጊዜው ተቀዛቀዘ። የመጀመሪያዎቹ የፓኔራይ ናሙናዎች የተሠሩት በዚያው ዓመት፣ በአውሮፓውያኑ 1936 ነው።

ታዋቂው ግዳጅ የተፈጸመው ከዚያ 5 ዓመት ዘግይቶ ነው። ከታኅሣሥ 18 ለ19 ቀን 1941 በአውሮፓ አቆጣጠር አጥቢያ፣ ሺሬ ከምትባል ሰርጓጅ መርከብ የወጡ ስድስት ሰዎች በሦስት አሳማ ተቀምጠው እስክንድርያ ወደብ ገቡ። ኩዊን ኤልዛቤትና ቫሊያንት የተባሉትን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወደቡ ወለል ላይ አስቀመጧቸው። ሉዊጂ ዱራንድ ዴ ላ ፔኔ የተባለው መሪያቸው ተይዞ፣ ራሱ ባጠመደው ፈንጂ አናት ላይ፣ በቫሊያንት ሆድ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ፍንዳታው ሲቃረብ ካፒቴኑን አስጠርቶ መርከበኞቹን እንዲያወጣ ነገረው፤ ፈንጂው የት እንዳለ ግን አልተናገረም። ከጦርነቱ ማብቂያ ላይ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ያሰረለት ያው ካፒቴን ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ሰው ቢማርክ አይገርምም። እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር ቀኑን እቆጥራለሁ። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ከሰጠ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1956 ፓኔራይ ለግብፅ ባሕር ኃይል 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰዓት ሠራ፤ ሰብሳቢዎች «ግብፃዊው» ይሉታል። የእስክንድርያን ወደብ የሰበሩት ሰዎች ሰዓት ከ15 ዓመት በኋላ የግብፅ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ናስር የስዊዝን ቦይ በወረሰበት ዓመት። (60 ሚሊ ሜትር በእውነት የግድግዳ ሰዓት ነው። በእርሱ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።)

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅህ ለምን ታስራለህ? ብዙ ሰው የሚሰጠኝ ቀላል መልስ አለ። መኪና፣ ጎማ፣ ፋብሪካ፣ ፒያሳ፣ ማኪያቶ፤ ሁሉም ከጣሊያን የመጣ ቃል አይደለም ወይ? ይህን መልስ አልወደውም። ማኪያቶ ማንንም አልገደለም። ሌላው መልስ አርበኞቻችን የማረኩትን የጣሊያን ጠመንጃ አንግበው መዋጋታቸው ነው። ይህ ይሻላል፤ እኔ ግን ሰዓቱን አልማረክሁትም፣ በገንዘቤ ገዛሁት። ስለዚህ ንጽጽሩን እዚያው ላይ አቆማለሁ።

የእኔ መልስ ከሁለቱም ያነሰ ነው። ሰዓቱን የሚያይ ሰው ሁሉ ስለ ግዝፈቱ ይጠይቀኛል። ግዝፈቱን ለማስረዳት ጠላቂዎቹን፣ ጠላቂዎቹን ለማስረዳት አሳማውን፣ አሳማውን ለማስረዳት መስከረም 22ን ማንሣት የግድ ነው። እኔ ባየኋቸው ማስታወቂያዎች ላይ የጠላቂዎቹ ጀግንነት ይተረካል እንጂ ኢትዮጵያ የምትባል አገር አትነሣም። እኔ እጅ ላይ ሲሆን ትነሣለች። ባለፈው በሠርግ ላይ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሰዓቴን አድንቆ ነበር፤ ወጥ ሳይቀዘቅዝበት አልጨረስንም። ይህም ሆኖ፣ እኔ አላስርም የሚል ኢትዮጵያዊ ካለ ልከራከረው አልችልም። በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ክሶች ሁሉ መልሴ ጎዶሎ የሆነበት ይህ ብቻ ነው።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ስልክ ሰዓት ይናገራል፤ አዎ። ትልልቅ ሰዓት የነገሠበት ዘመን አልፏል፤ ይህም እውነት ነው፣ ፓኔራይ ራሱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰዓት ያወጣል። ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት ግን እርሱን አይደለም። በ2002 የወጣውን፣ 1950 ፍሬ ብቻ የተሠራውን ባለ 47 ይፈልጋሉ፤ ወይም በ2011 የወጣውን የነሐሱን፣ 1000 ፍሬ ብቻ የተሠራውን። ነሐሱ ከባለቤቱ ላብና ከአየሩ ጋር እየተዋወቀ እንደ አሮጌ የቤተ ክርስቲያን መስቀል ይጠቁራል፣ ይወይባል፤ ሁለት ሰው እጅ ላይ አንድ ዓይነት መልክ አይዝም። ሁለቱም ያንኑ የ1936 ልክ የጠበቁ ናቸው። ፋሽኑ ነው ወደዚህ ሰዓት መጥቶ የሄደው፤ ሰዓቱ ከነበረበት አልተነሣም።

ጸሐፊው እውነት የያዙበት ቦታ የቀለሙ ጉዳይ ነው። የዛሬዎቹ አዲስ ሰዓቶች ብዙዎቹ ቁጥራቸው የሻይ ወተት የመሰለ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ያረጀ ራዲየም ለመምሰል። ይህን እኔም አልወደውም። እርጅና ከፋብሪካ ተገዝቶ አይመጣም፤ ሽበቱን ቀለም ቤት ሄዶ ያስቀባ ጎረምሳ አይቼ አላውቅም። የእኔ ሉሚኖር ነጭ አረንጓዴ ነው፤ ካረጀ በራሱ ጊዜ ያርጅ።

የሸሚዝ እጅጌ አይገባበትም ለሚለው የመጨረሻ ቀልዳቸው ግን መልስ አለኝ። የፊያቱ ጌታ ጃኒ አኜሊ ሰዓቱን ከእጅጌው በላይ ያስር ነበር፤ እኔ ያን ያህል አልደፈርሁም። ልብስ ሰፊዬ የግራውን እጅጌ ሁለት ሴንቲ ሜትር አስፍቶ ይሰፋልኛል። መጀመሪያ ሲለካኝ እጄን አንሥቶ ሰዓቱን አየ፣ ሜትሩን በላዩ ላይ አዞረ፣ ቁጥሩን ጻፈ፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቀኝም።